የባሕር ውስጥ የኃይል ኬብል ሸርጣኑን ያፈዘዋል?

ጥያቄ፦ "የምኖረው በሰሜን ምሥራቅ እንግሊዝ፣ ባሕር ዳር ባለች ትንሽ ከተማ ነው። አዲስ የኤሌክትሪክ ኬብል በባሕሩ ሥር መጥቶ በእኛ ዳርቻ ሊወጣ ነው ተብሎ የሕዝብ ምክክር ተጠርቷል። ጎረቤቶቼ ሸርጣን አጥማጆች ናቸው። ሸርጣኑ ኬብሉ ላይ ፈዝዞ ይቀራል፣ አይበላም፣ አይራባም ይላሉ። ዓሣው በኤሌክትሪክ ይሞታል የሚሉም አሉ። 'ኬብሉ ጭራሽ ይቅር' የሚል የተቃውሞ ፊርማ እየተሰበሰበ ነው። እኔም እንድፈርም ጠይቀውኛል። ልጆቼ እዚያው ይዋኛሉ፤ ዓሣውንም እንበላለን። እውነቱ ምንድን ነው? ልፈርም?"

ምላሽ፦

አይፈርሙ። ይህን ስል ኬብሉ ጉዳት የለውም ማለቴ አይደለም። ጉዳት አለው። ግን ዋናው ጉዳት ጎረቤቶችዎ የፈሩት ቦታ ላይ አይደለም። "ጭራሽ ይቅር" የሚል ወረቀት ውድቅ ከሆነ በእጃችሁ የሚቀር ነገር የለም። "እንዲህ ተደርጎ ይዘርጋ" የሚል ደብዳቤ ግን የኬብሉን አሠራር ሊያስለውጥ ይችላል። ከዚህ በፊትም አስለውጧል፤ ወደ እሱ እመጣለሁ።

በቅድሚያ "ዓሣው በኤሌክትሪክ ይሞታል" የሚለውን እንዝጋው። አይሞትም። የባሕር ኬብል መሃሉ መዳብ ወይም አሉሚኒየም ነው። በዙሪያው ከረንት የማያሳልፍ ወፍራም ሽፋን አለ። በላዩ የእርሳስ ቱቦ ይለብሳል፤ በእርሳሱ ላይ ደግሞ እንደ ጋሻ የተጠመጠመ የብረት ሽቦ አለ። ኤሌክትሪኩ ከዚያ ወጥቶ ወደ ውሃው አይገባም። መልሕቅ መትቶ ቢበጥሰው እንኳ በሁለቱ ጫፍ ያሉት ጣቢያዎች ከአንድ ሰከንድ ባነሰ ጊዜ ኃይሉን ያቋርጡታል።

ይህ ፍርሃት ግን ዝም ብሎ ከአየር የመጣ አይደለም። የድሮዎቹ አንዳንድ መስመሮች አንድ ኬብል ብቻ ነበራቸው። ከረንቱ በኬብሉ ይሄድና በባሕሩ ውሃ ይመለስ ነበር። እ.ኤ.አ. በ1994 ስዊድንንና ጀርመንን ያገናኘው የባልቲክ ኬብል እንደዚያ ነው የተሠራው። በእንዲህ ያለ መስመር ከረንቱ ወደ ውሃው በሚገባበት በኩል ጨዋማው ውሃ ተሰባብሮ ክሎሪን ይፈጠራል። አውስትራሊያ ውስጥ ታዝማንያን ከቪክቶሪያ የሚያገናኘው ባስሊንክም መጀመሪያ በዚህ ዘዴ ነበር የታቀደው። ሰው ጠየቀ፤ ተከራከረ። በመጨረሻ መመለሻው ሌላ የብረት ኬብል እንዲሆን ተደረገ። መስመሩም በ2006 ሥራ ጀመረ። የደብዳቤ ጉልበት ያልኩዎት ይህን ነው።

አሁን በእርግጥ ከኬብሉ ወደሚወጣው ነገር እንምጣ። እሱም መግነጢሳዊ መስክ ነው። ከረንት የሚሄድበት ሽቦ ሁሉ በዙሪያው ማግኔት ይፈጥራል። እርሳሱም ብረቱም ይህን አያስቀረውም። ረጃጅም የባሕር መስመሮች ደግሞ በአብዛኛው ዲሲ ናቸው፤ ከወላይታ ሶዶ ወደ ኬንያ እንደሚሄደው የ500 ኪሎ ቮልት መስመር ማለት ነው። በዲሲ ከረንቱ በአንድ አቅጣጫ ብቻ ይፈስሳል። ስለዚህ ማግኔቱም ቋሚ ነው፤ ከምድር ማግኔት ላይ ይደመራል ወይም ይቀነሳል። ከረንቱ አቅጣጫውን በሚቀያይርበት በኤሲ ግን እዚያው እንግሊዝ ውስጥ በሰከንድ 50 ጊዜ ይወዛወዛል።

ወደ እርስዎ የሚቀርበውን ትልቅ መስመር እንውሰድ። ኖርዝ ሲ ሊንክ ይባላል። ከኖርዌይ ተነስቶ 720 ኪሎ ሜትር ተጉዞ በሰሜን ምሥራቅ እንግሊዝ ብላይዝ ከተማ ይወጣል። በ2021 ነው የተከፈተው። 1,400 ሜጋ ዋት በ515 ኪሎ ቮልት ይሸከማል። ሙሉ ጭነት ላይ ሲሆን በአንዱ ኬብል የሚያልፈው ከረንት ወደ 1,360 አምፒር ይጠጋል። በ2024 ቀይ ባሕር ላይ ተቆርጠው ኢንተርኔት ያስቸገሩት ኬብሎች ከዚህ ጋር አይወዳደሩም። እነዚያ ብርሃን የሚያስተላልፉ ቀጫጭን ናቸው። በውስጣቸው የሚሄደው ከረንት 1 አምፒር አካባቢ ነው። ሁለቱን የሚያምታታ ሰው ብዙ ስለሆነ ነው ያነሳሁት።

እስቲ ለስሌት እንዲቀል 1,000 አምፒር እንበል። ከአንድ ብቸኛ ኬብል 1 ሜትር ርቀት ላይ መስኩ 200 ማይክሮቴስላ ነው፤ ማይክሮቴስላ የማግኔት ጥንካሬ መለኪያ ነው። 5 ሜትር ላይ 40፣ 10 ሜትር ላይ 20 ይሆናል። የምድር የራሷ ማግኔት በሰሜን ባሕር አካባቢ 50 ማይክሮቴስላ ገደማ ነው። ስለዚህ ብቸኛ ኬብል እስከ አራት አምስት ሜትር ድረስ ከምድር ማግኔት ጋር የሚስተካከል ወይም የሚበልጥ ነገር ይፈጥራል። ቀላል አይደለም።

ነገር ግን መሄጃውና መመለሻው ጎን ለጎን ታስረው ቢቀበሩስ? ከረንቱ በአንዱ ይሄዳል፣ በሌላው ይመለሳል። ሁለቱ ማግኔቶች ይጠፋፋሉ። በመካከላቸው 20 ሳንቲ ሜትር ብቻ ካለ 1 ሜትር ላይ የሚቀረው 40 ማይክሮቴስላ ነው። 5 ሜትር ላይ 1.6 ይሆናል። 10 ሜትር ላይ ግማሽ ማይክሮቴስላ እንኳ አይሞላም። ከዚህ ጽሑፍ አንድ ነገር ብቻ የሚይዙ ከሆነ ይህን ይያዙ። ያው ኬብል፣ ያው ኃይል፣ ግን አብሮ ታስሮ ወይም ተራርቆ መዘርጋቱ ይህን ያህል ልዩነት ያመጣል።

አሁን የሸርጣኑ ጉዳይ። ወሬው መነሻ አለው፤ መነሻውም እዚያው አጠገብዎ ነው። በስኮትላንድ ዳርቻ ሴንት አብስ በሚባል ቦታ የባሕር ምርምር ጣቢያ አለ። ተመራማሪዎቹ ጎረቤቶችዎ የሚያጠምዱትን ያንኑ ቡናማ ሸርጣን ገንዳ ውስጥ አስገቡት። አንዱን መጠለያ ማግኔት አደረጉበት፤ ሌላውን እንዲሁ ተዉት። በ2018 ባወጡት ውጤት ሸርጣኖቹ ማግኔት ያለበትን መጠለያ መረጡ። 69 በመቶው እዚያ፣ 9 በመቶው ብቻ ሌላው ጋ ተገኙ። መዘዋወርም ቀነሱ። ደማቸው ውስጥ ያለው የስኳር መጠን በቀንና በሌሊት የሚከተለው ዑደትም ተዛባ። 

ግን የማግኔቱን መጠን ይመልከቱ። 2,800 ማይክሮቴስላ ነበር። ይህ 1,000 አምፒር የሚሸከም ብቸኛ ኬብል ቆዳው ላይ የሚገኝ መጠን ነው። ሸርጣኑ ያልተቀበረ ኬብል ላይ ቁጭ ሲል ማለት ነው። ያው ቡድን በ2021 መጠኑን ዝቅ አድርጎ ደገመው። 500 እና 1,000 ላይ መሳቡና የሰውነት መጨናነቁ ታየ። ጋዜጦች "ኬብል ሸርጣን ያፈዛል" ብለው የጻፉት ይህን ይዘው ነው። 250 ላይ ግን ውጤቱ በጣም ትንሽ ነበር። በዚያው በ2,800 መጠን የሸርጣንና ሎብስተር የሚባለውን ዘመዱን እንቁላሎች አቆይተው ባዩበት ሌላ ጥናት ደግሞ ከተፈለፈሉት ውስጥ የአካል ጉድለት ያላቸው በዙ፤ የሎብስተሩ እጮች ወደ ላይ መዋኘት ከበዳቸው። እነዚህን ውጤቶች አክብሬ ነው የማነሳቸው። ሐሰት አይደሉም። ግን አንድ ሜትር ተኩል ተቀብሮ ከጥንዱ ጋር ስለታሰረ ኬብል የሚናገሩ አይደሉም።

እዚህ ላይ ትንሽ ልቆይ፤ ነገሩ ያለው እዚህ ነውና። ኬብል አሸዋና ጭቃ ውስጥ በቀላሉ ይቀበራል። አለት ላይ ግን አይቀበርም። ሌላ ቧንቧ ወይም ኬብል ሲያቋርጥም አይቀበርም። እንዲህ ባለ ቦታ ኬብሉ ወለሉ ላይ ይቀመጥና ድንጋይ ይከመርበታል፤ ወይም የኮንክሪት ምንጣፍ ይለብሳል። አሁን ያስቡ። ሸርጣን የሚወደው ምንድን ነው? የድንጋይ ስንጥቅ! ማግኔቱ የሚበረታበትና ሸርጣኑ ቤት የሚሠራበት ቦታ አንድ ይሆናሉ ማለት ነው። ስለዚህ ጎረቤቶችዎ ስለ መስመሩ ርዝመት ሁሉ መጨነቅ የለባቸውም። መጨነቅ ያለባቸው ስላልተቀበረችው ጥቂት ኪሎ ሜትር ነው። በእነሱ ማጥመጃ ላይ ስንት ሜትር እንደምትሆን መጠየቅ አለባቸው።

በባሕሩ ውስጥ የተደረጉት ምልከታዎች ደግሞ ከገንዳው የተለየ ነገር ያሳያሉ። በካሊፎርኒያ የሳንታ ባርባራ ሰርጥ ውስጥ ከነዳጅ ማውጫ መድረኮች የሚመጡ የኤሲ ኬብሎች አሉ። አንዳንዶቹ ኃይል አላቸው፣ አንዳንዶቹ ጠፍተዋል። ጠላቂዎች ለዓመታት ሁለቱንም ቆጠሩ። ኃይል ባለውና በሌለው ኬብል ላይ የሚኖሩት ዓሦችና ሌሎች እንስሳት ልዩነት አልነበራቸውም። በሌላ ሙከራ ሸርጣኖች ምግብ ወዳለበት ወጥመድ ለመድረስ ኃይል ያለውን ኬብል ተሻግረው ሄዱ። የሸርጣን ዝርያው ከእናንተው ይለያል፤ ያም ሆኖ ከገንዳ ውጭ ያለው ሕይወት ምን እንደሚመስል ያሳያል።

ከሸርጣን ይልቅ ትኩረት የሚሹት ሻርኮችና ጠፍጣፋዎቹ ዘመዶቻቸው ሬዮች ናቸው። አፍንጫቸው አካባቢ ዝልግልግ ነገር የሞላባቸው ጥቃቅን ቀዳዳዎች አሏቸው። ጣሊያናዊው ስቴፋኖ ሎሬንዚኒ በ1678 ገልጿቸዋል። በእነዚህ ቀዳዳዎች ኤሌክትሪክ ይሰማሉ። ስሜታቸው የሚያስደንቅ ነው። የአንድ ተራ የባትሪ ድንጋይ ሁለት ጫፍ በ3,000 ኪሎ ሜትር ተራርቆ የሚፈጥረውን ያህል ደካማ መስክ ያውቃሉ። ከአዲስ አበባ ሐራሬ የሚያህል ርቀት ነው። አሸዋ ውስጥ የተደበቀ ዓሣ ልቡ ሲመታና ሲተነፍስ የሚያወጣውን ኤሌክትሪክ ተከትለው ነው የሚያድኑት። ማግኔት ውስጥ የሚያልፍ ውሃም ሆነ እንስሳ ደግሞ ትንሽ ኤሌክትሪክ ይፈጥራል። ስለዚህ ኬብሉን ያውቁታል።

አውቀውት ምን ያደርጋሉ? በአሜሪካ ኮኔቲከትንና ሎንግ አይላንድን በሚያገናኘው ክሮስ ሳውንድ ኬብል ላይ ተመራማሪዎች ትልቅ የመረብ አጥር ሠርተው ትናንሽ ሬዮችን አስገቡ። ውጤቱ በ2020 ታተመ። ሬዮቹ ኬብሉ አጠገብ ብዙ ተንቀሳቀሱ፣ ፍጥነታቸውን ቀነሱ፣ ወደ ወለሉ ተጠግተው ዋኙ። ምግብ የሚፈልግ እንስሳ ባህሪ ነው። ሎብስተሮቹም ለውጥ አሳዩ፤ የእነሱ ግን ስስ ነበር። ኬብሉ ግን እንደ ግድግዳ አላገዳቸውም፤ ወዲያና ወዲህ ተሻገሩት። ልብ ይበሉ፤ ይህ ጥናት የሚነግረን ስለ ባህሪ ነው። ባህሪ ተለወጠ ማለት ቁጥር ቀነሰ ማለት አይደለም። ጎረቤትዎ አንዱን ከሌላው ጋር ካደባለቀ በምክክሩ ላይ ባለሙያዎቹ በአንድ ዓረፍተ ነገር ይጥሉታል።

ኢል የሚባለው እባብ መሳዩ ዓሣም ተጠንቷል። ስዊድን ውስጥ በካልማር ሰርጥ ምልክት የታሰረባቸው ኢሎች የ130 ኪሎ ቮልት ኤሲ ኬብል ሲያልፉ ፍጥነታቸው ቀነሰ፤ ግን አለፉ። ኖርዌይ ውስጥ ደግሞ የሃዶክ ዓሣ እጮች እንደ ኬብል ባለ መስክ ውስጥ ሲገቡ የብዙዎቹ መዋኘት ቀነሰ። ሳንድ ኢል የሚባለው ትንሽ ዓሣ እጮች ግን ምንም አልሆኑም። ከዝርያ ዝርያ ይለያያል፤ ለዚህም ነው "ባሕሩ ይሞታል" የሚለውም "ምንም አይሆንም" የሚለውም ሰው የማያሳምነኝ።

አሁን ማንም የማይጮህበትን ትልቁን ጉዳት ልንገርዎ። ቁፋሮው ነው። ኬብል ለመቅበር ወለሉ እንደ ማረሻ ባለ መሣሪያ ይታረሳል፤ ወይም በኃይለኛ ውሃ ይሰነጠቃል። በቦዩ ውስጥ የነበሩ ትሎች፣ ዛጎል ለበስ እንስሳት፣ የባሕር ጃርቶች ይሞታሉ ወይም ይገለበጣሉ። የተነሳው ደለል ይንሳፈፍና ራቅ ብሎ ይወርዳል። ተጣብቀው ውሃ አጣርተው የሚኖሩትን ያፍናቸዋል። የወለሉ ዓይነት እዚህ ላይ ዕጣውን ይወስናል። ሞገድ የሚያንቀሳቅሰው አሸዋ ከሆነ ቶሎ ያገግማል። በባስሊንክ መስመር ለስላሳው ወለል ላይ የነበረው የቦይ ምልክት በሁለት ዓመት ውስጥ ጠፍቷል። አለት ላይ ኬብሉን የሸፈነው የብረት ቅርፊትም ከአራት ዓመት ባነሰ ጊዜ ውስጥ በአካባቢው ሕይወት ተሸፍኗል።

የባሕር ሣር ከሆነ ግን ሌላ ታሪክ ነው። የሜዲትራኒያኑ ፖሲዶኒያ በዓመት ወደ ጎን የሚያድገው ጥቂት ሳንቲ ሜትር ብቻ ነው። አንድ ሜትር ቦይ ለመዝጋት አሥርት ዓመታት ይፈልጋል። ጥልቅ ውሃ ላይ ያሉ ቀዝቃዛ ውሃ ኮራሎችና ማርል የሚባለው ድንጋይ መሳይ የባሕር አልጌ አንዴ ከተሰበሩ በእኛ ዕድሜ አይመለሱም። ሥራዬ መስመር ከመዘርጋቱ በፊት ወለሉን ማጥናት ነው። በካሜራ የማየውን እየተመለከትኩ የምለው አንድ ነገር አለ፤ ኬብሉን 300 ሜትር ወደ ጎን ማዞር ከየትኛውም የማግኔት ክርክር የበለጠ ሕይወት ያድናል።

ሙቀትም አለ፤ በአጭሩ ልለፈው። ኃይል የተሸከመ ኬብል ይሞቃል፣ በዙሪያው ያለው ደለልም ይሞቃል። አብዛኛው ሕይወት ያለው በላይኛው 20 እና 30 ሳንቲ ሜትር ውስጥ ነው። ጀርመኖች ቀላል መመዘኛ አላቸው። ከወለሉ 20 ሳንቲ ሜትር ዝቅ ብሎ ሙቀቱ ከ2 ዲግሪ በላይ መጨመር የለበትም። ኬብሉ ጠለቅ ብሎ ከተቀበረ ይህን ማሟላት ይቻላል።

ጥቅም የለውም ወይ ለሚል፣ አንድ አለ። ብዙ ቦታ ኬብል ባለበት መልሕቅ መጣልና ወለሉን የሚጠርግ መረብ መጎተት ይከለከላል። ኒውዚላንድ በኩክ ሰርጥ ኬብሎቿ ላይ ማጥመድ የተከለከለበት ሰፊ ቀጠና አላት። ለወለሉ ሕይወት እረፍት ነው። ለጎረቤቶችዎ ግን የሥራ ቦታ ማጣት ሊሆን ይችላል። ስለዚህ በወጥመድ የሚያጠምድ ሰው እንዲገባ ይፈቀድለት እንደሆነ ከወዲሁ ይጠይቁ።

እንግዲህ ምክሬ ይኸውና። ከፊርማው ይልቅ አንድ ገጽ ደብዳቤ ይጻፉ፤ ጎረቤቶችዎ ይፈርሙበት። ሁለቱ ኬብሎች አንድ ቦይ ውስጥ አብረው ታስረው እንዲቀበሩ ይጠይቁ። "ዋጋው ይጨምራል" ወይም "አንዱ ሲመታ ሁለቱም ይመታሉ" የሚል መልስ ይመጣል። እውነት አለው። ቢያንስ በማጥመጃው ክልል ውስጥ ይታሰሩ ብለው ይጽኑ። ቀጥሎ የሚቀበሩበት ጥልቀት በሜትር እንዲጻፍ፣ ሳይቀበር የሚቀረው ርዝመትና ቦታው በካርታ እንዲታይ ይጠይቁ። መስመሩ የባሕር ሣርና አለታማ መኖሪያዎችን እንዲዞር፣ ቁፋሮው እንቁላል የተሸከሙ ሴት ሸርጣኖች አሸዋ ውስጥ በሚቀበሩበት ወቅት እንዳይሆን ያክሉበት። ወቅቱን ከእኔ ይልቅ ጎረቤቶችዎ ያውቁታል። "ተፅዕኖው አነስተኛ ነው" የሚል ደረቅ መልስ ከመጣ አይቀበሉት፤ በማይክሮቴስላ፣ በስንት አምፒር፣ ከወለሉ በስንት ሜትር ላይ እንደተሰላ ይጠይቁ።

ልጆችዎ ይዋኙ። ኬብል ወደ ዳርቻ ሲወጣ ብዙ ጊዜ ከአሸዋው በታች በርካታ ሜትር ተቦርቡሮ ነው የሚያልፈው። ለሰው የተቀመጠው የቋሚ ማግኔት ዓለም አቀፍ ገደብ 400,000 ማይክሮቴስላ ነው። የልብ ማስተካከያ መሣሪያ ላለው ሰው 500 ነው። ዳርቻው ላይ የሚኖረው ከሁለቱም በጣም ያነሰ ነው። ዓሣውንም ይብሉ፤ ማግኔት ሥጋ ውስጥ አይቀርም።

አንድ ማስጠንቀቂያ ብቻ። ክትትል ካልተደረገ፣ በኋላ የሚነሳ ቅሬታ ሁሉ ሰሚ አያገኝም። ክትትሉም ኬብሉ ከተዘረጋ በኋላ ሳይሆን ከአሁኑ መጀመር አለበት፤ በፊት የነበረው ካልታወቀ ምን እንደተለወጠ ማን ይለካል? ለጎረቤቶችዎ ይንገሯቸው። ከዚህ ሳምንት ጀምሮ ወጥመድ በጣሉ ቁጥር ቀኑን፣ ቦታውን፣ የወጥመዱን ብዛት፣ ስንት ሸርጣን እንደያዙ፣ ስንቱ እንቁላል እንደተሸከመች በደብተር ይጻፉ። ኬብሉ ከሚያልፍበት ራቅ ባለ ቦታም እንዲሁ። ሁለት ዓመት የተሞላ እንዲህ ያለ ደብተር ካላቸው ኩባንያው በራሱ ጥናት ብቻ ሊያልፋቸው አይችልም።